የቤቱ ባለቤትና እንግዳው፦ የበርሚንግሃሙ ፓስተር ጉዳይ

ይህን ጉዳይ ለምን መረጥኩት

የጥቁር አሜሪካውያን የመብት ትግል ሲነሳ ቀድሞ አፋችን ላይ የሚመጣው ማርቲን ሉተር ኪንግ ነው። በ1963 በአላባማ ክፍለ ግዛት፣ በርሚንግሃም ከተማ የተደረገውንም ዘመቻ የምናስታውሰው የኪንግ ሥራ አድርገን ነው። እኔም ለረጅም ጊዜ እንደዚያው ነበር የማስበው።

ቀረብ ብዬ ሳየው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ኪንግ ወደዚያች ከተማ የሄዱት ተጠርተው ነው። የጠሯቸው ሰው ከዚያ በፊት 7 ዓመት ያህል ሲታገሉ ቆይተዋል። ፍሬድ ሸትልስወርዝ ይባላሉ፤ የባፕቲስት ፓስተር ናቸው። ቤታቸው በፈንጂ ፈርሷል። አደባባይ ላይ በሰንሰለት ተደብድበዋል። ስንት ጊዜ እንደታሰሩ መቁጠር ያደክማል።

ይህ ጽሑፍ ሙሉ የሕይወት ታሪካቸው አይደለም። አንድ ጥያቄ ይዞ ነው የሚሄደው፦ ለዓመታት የለፋ የሰፈር መሪ ስመ ጥር እንግዳ ሲጠራ ምን ያገኛል? ምንስ ያጣል? እድር፣ ማኅበር ወይም ቤተ ክርስቲያን መርቶ የሚያውቅ ሰው ጥያቄው አይጠፋውም።

በስም የምጠራው በታሪክ የታወቁትን ጥቂት ሰዎች ብቻ ነው። ዲያቆኑ፣ ሐኪሙ፣ ነጋዴዎቹና ልጆቹ ያለ ስም ይቀመጣሉ። ቀኖቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከተማዋ

በርሚንግሃም የብረት ፋብሪካ ከተማ ነበረች። በ1960 ቆጠራ ወደ 340,000 ሕዝብ ነበራት። ከ10 ነዋሪዎቿ 4ቱ ጥቁር ናቸው። ጥቁር ፖሊስ ግን አንድም አልነበራትም። ጥቁር የእሳት አደጋ ሠራተኛም የለም።

መሀል ከተማ ያሉት ትልልቅ መደብሮች የጥቁሩን ገንዘብ ይቀበላሉ። ልብሱን ለክቶ እንዲገዛ ግን አይፈቅዱለትም። እዚያው መደብር ውስጥ ባለው የምሳ ባንኮኒ ቁጭ ብሎ ሳንድዊች መብላትም አይችልም። የውሃ መጠጫው ሁለት ነው፤ ሽንት ቤቱም ሁለት ነው፤ ከላዩ ምልክት ተለጥፎበታል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ የጥቁሮችን ቤትና ቤተ ክርስቲያን በዳይናማይት ማፈንዳት ልማድ ሆነ። ፈንጂ የበዛበት አንዱ ሰፈር «ዳይናማይት ኮረብታ» ተባለ። ከተማዋንም ሰዎች «ቦምቢንግሃም» ይሏት ጀመር። ፖሊሱንና እሳት አደጋውን የሚያዘው ዩጂን ኮነር ነበር፤ ቅጽል ስሙ «ቡል»፣ ማለትም ኮርማው። ወደ ፖለቲካ የገባው የቤዝቦል ጨዋታ በሬዲዮ እያስተላለፈ ድምፁን ሕዝብ ከለመደው በኋላ ነው።

ሰውየው

ሸትልስወርዝ የተወለዱት በማርች 1922 በአላባማ ገጠር ነው። ያደጉት ከበርሚንግሃም ጥግ ባለች ኦክስሙር በምትባል የሠራተኞች መንደር ነው። በጦርነቱ ዘመን ሞቢል በሚባል ከተማ፣ የአየር ኃይል ሰፈር ውስጥ የጭነት መኪና ነድተዋል። ኋላ ተምረው ሰባኪ ሆኑ። ሰልማ ከተማ ካገለገሉ በኋላ በ1953 የቤቴል ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ፓስተር ሆነው መጡ። ቤቴል በሰሜን በርሚንግሃም፣ ኮሌጅቪል በሚባል የድሃ ሠራተኞች ሰፈር ናት።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። ለኛ ለሲኖዶስና ለሀገረ ስብከት ለለመድነው ሰዎች የባፕቲስቶች አሠራር ትንሽ እንግዳ ነው። ጳጳስ የላቸውም። እያንዳንዷ አጥቢያ ራሷን ታስተዳድራለች። ፓስተሯን ራሷ ትቀጥራለች፤ ደመወዙንም ራሷ ትከፍላለች። ስለዚህ ጥቁር ፓስተር እንጀራው ከጥቁር ምእመናኑ ኪስ ነው የሚመጣው። ጥቁር መምህር ስብሰባ ላይ ከታየ የትምህርት ቦርዱ ያባርረዋል። የፋብሪካ ሠራተኛው አለቃው ነጭ ነው። ፓስተሩን ግን ነጭ አሠሪ ሊያባርረው አይችልም። ትግሉን የመሩት ብዙዎቹ ለምን ሰባኪዎች ሆኑ ለሚለው ጥያቄ ከስብከት ችሎታቸው ይልቅ ይህ የደመወዝ ጉዳይ የተሻለ መልስ ይመስለኛል።

ችግሩ

በጁን 1 ቀን 1956 አንድ የአላባማ ፍርድ ቤት ኤን ኤ ኤ ሲ ፒ በመባል የሚታወቀው አንጋፋ የጥቁሮች መብት ማኅበር በክፍለ ግዛቱ እንዳይንቀሳቀስ አገደ። ሸትልስወርዝ በበርሚንግሃሙ ቅርንጫፍ የአባላት ጉዳይ ኃላፊ ነበሩ። በአንድ ቀን ማኅበር አልባ ሆኑ።

በአራተኛው ቀን፣ ጁን 5፣ ሰርዲስ በምትባል ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ሕዝብ ሰበሰቡ። ከስብሰባው በፊት አንድ ታላቅ ፓስተር ደወሉላቸው፤ ጌታ ስብሰባውን እንዲሰርዙ ንገራቸው እንዳላቸው ገለጹላቸው። ሸትልስወርዝም ጌታ የእኔን መልእክት በእርስዎ በኩል መላክ የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው ብለው መለሱ። እኔን ስብሰባውን ጥራ ነው ያለኝ አሉ። ስብሰባው ተካሄደ። «የአላባማ ክርስቲያናዊ ንቅናቄ ለሰብዓዊ መብት» የሚባል አዲስ ማኅበር ተመሠረተ፤ እሳቸው ሊቀ መንበር ሆኑ።

ያ የስልክ ጥሪ ለቀጣዮቹ ዓመታት ምልክት ነበር። የከተማዋ ደህና ኑሮ ያላቸው ጥቁሮች፣ ብዙዎቹም ፓስተሮች፣ ሰውየውን ችኩል ነው ይሏቸው ነበር። «ቀን እስኪያልፍ…» የሚለው ምክር አላባማም ውስጥ ነበር። ስለዚህ ችግሩ ሁለት ነው። በውጭ ሕግ፣ ፖሊስና ፈንጂ አለ። በውስጥ ደግሞ ራሱ ጥቁሩ ኅብረተሰብ ተከፍሏል።

ከ1956 እስከ 1962 የተሞከረው

መጀመሪያ አውቶቡስ። በ1956 መጨረሻ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሞንትጎመሪ ከተማ አውቶቡስ ውስጥ ጥቁርና ነጭን ለያይቶ ማስቀመጥ ሕገ ወጥ ነው አለ። ሸትልስወርዝ የበርሚንግሃምን ባለሥልጣናት ሕጋችሁን አንሱ አሏቸው። ካላነሳችሁ በዲሴምበር 26 እኛው ራሳችን ከፊት እንቀመጣለን ብለው ቀን ቆረጡ።

በዋዜማው፣ በገና ሌሊት፣ ከመኝታ ክፍላቸው ግድግዳ ሥር ዳይናማይት ፈነዳ። እሳቸው አልጋ ላይ ነበሩ። አንድ ዲያቆን ሊጠይቃቸው መጥቶ አጠገባቸው ተቀምጦ ነበር። ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ሌላ ክፍል ውስጥ ናቸው። ቤቱ ተደረመሰ። ሰው ግን አልሞተም፤ እሳቸውም ይህ ነው የሚባል ጉዳት ሳይደርስባቸው ከፍርስራሹ ወጡ። እዚያ የደረሰ አንድ ፖሊስ እኔ ብሆን ከተማውን ለቅቄ እሄድ ነበር አላቸው። አንተ እኔ አይደለህም አሉት። ጌታ ከዚህ ካወጣኝ እስከ መጨረሻው እዚሁ ነኝ ብለህ ለክላን ወንድሞችህ ንገራቸው አሉት። ኩ ክላክስ ክላን ማለታቸው ነው፤ ጥቁሮችን በሽብር የሚያሳድድ የነጮች ስውር ቡድን ነው።

በማግስቱ ወደ 250 ሰው አውቶቡስ ላይ ከፊት ተቀመጠ። ከ20 በላይ ሰዎች ታሰሩ። ጉዳዩ በፌዴራል ፍርድ ቤት እስከ 1959 ተጎተተ። በሕግ ረገድ ውጤቱ ቀርፋፋ ነው። ሌላው ውጤት ግን በዚያው ሌሊት ነው የመጣው። ሰፈሩ ፓስተራችን ከፈንጂ ወጣ አለ፤ ከዚያ ወዲያ የቤቴልን ሰዎች ማስፈራራት ከበደ። ፈቃደኛ ወንዶች ቤተ ክርስቲያኗን ሌሊት ሌሊት መጠበቅ ጀመሩ። በጁን 1958 ሁለተኛ ፈንጂ ሲቀመጥ ያዩት እነዚሁ ጠባቂዎች ናቸው። አንስተው መንገድ ላይ ወስደው ጣሉት፤ እዚያ ፈነዳ።

ከዚያ ትምህርት ቤት። በሴፕቴምበር 9 ቀን 1957 ሸትልስወርዝ ሴቶች ልጆቻቸውን ፊሊፕስ በሚባለው የነጮች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሊያስመዘግቡ ሄዱ። እንደሚሄዱ አስቀድመው አሳውቀው ነበር። የጠበቃቸው መዝጋቢ ሳይሆን ሰንሰለትና የብረት ጓንት የያዘ መንጋ ነው። ደበደቧቸው። ባለቤታቸው ዳሌያቸው ላይ በስለት ተወጉ። የአንዷ ልጃቸው እግር በመኪና በር ተመታ። ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሙ ጭንቅላትዎ አለመሰንጠቁ ይገርማል ቢላቸው፣ ጌታ አስቸጋሪ ከተማ ውስጥ እንደምኖር ስላወቀ ጠንካራ ጭንቅላት ሰጠኝ አሉት።

መልሱ ያስቃል። እርምጃው ግን አልሠራም። ጥቂት ሰው ብቻ ይዘው ነው የሄዱት። ጥበቃ የለም። ዝግጅቱም የአንድ ቤተሰብ ድፍረት ላይ የቆመ ነው። ጥቁር ልጆች ከነጮች ጋር ወደ በርሚንግሃም ትምህርት ቤቶች የገቡት ከ6 ዓመት በኋላ፣ በ1963 ነው። በሕይወታቸው ውስጥ የምወቅሳቸው አንድ ቀን ቢኖር ይህኛው ነው። ጀግንነት ነው፤ ግን የልጅ ሕይወት የሚጠይቅ ጀግንነት ሌላ ስሌት ይፈልጋል።

ሦስተኛው ፍርድ ቤት ነው። ማኅበሩ ክስ ላይ ክስ ያቀርብ ነበር። በ1961 የፌዴራል ፍርድ ቤት የከተማዋ መናፈሻዎች ለሁሉም ይከፈቱ ብሎ ወሰነ። ኮነርና ባልደረቦቹ ምን አደረጉ? ከ1962 መጀመሪያ ጀምሮ 67ቱንም መናፈሻ ዘጉ። ነጩም ጥቁሩም ልጁን የሚያጫውትበት አጣ። ማኅበሩ በወረቀት አሸነፈ፤ በመሬት ላይ ግን ቁልፍ ነው የጠበቀው። ይሁንና ይህ ድርጊት አንዳንድ ነጭ ነጋዴዎችን አስቆጣ። ከተማዋ በዚህ ሰው ምክንያት ስሟ እየጠፋ ነው ማለት ጀመሩ። በ1962 መጨረሻ የከተማው አስተዳደር ቅርጽ እንዲቀየር የተሰጠው ድምፅ ከዚህ ቁጣ ጋር የተያያዘ ነው።

አራተኛው ገበያ ነው። በ1962 የማይልስ ኮሌጅ ተማሪዎች ጥቁሩ ከመሀል ከተማ መደብሮች እንዳይገዛ ቀሰቀሱ። ገበያው ቀዘቀዘ። ከተማው ደግሞ ለድሆች ይታደል ለነበረው ምግብ የሚያዋጣውን ገንዘብ በመቁረጥ ተበቀለ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር የኪንግ ድርጅት፣ የደቡብ ክርስቲያን አመራር ጉባኤ፣ ዓመታዊ ስብሰባውን በርሚንግሃም ሊያደርግ ሆነ። ነጋዴዎቹ ረብሻ ፈርተው ከሸትልስወርዝ ጋር ተነጋገሩ። አንዳንዶቹ ምልክቶቹን አነሱ። እንግዶቹ ሲሄዱ ምልክቶቹ ተመልሰው ተለጠፉ። ቀን ያልተቆረጠለት የቃል ተስፋ ነበር። ሸትልስወርዝ ይህን አልረሱትም፤ ከ8 ወር በኋላ ለሆነው ነገር ቁልፉ እዚህ ጋ ነው።

እንግዳው ሲጠራ

ሁለቱም ወገኖች ተፈላልገው ነው የተገናኙት። ኪንግ በጆርጂያ፣ ኦልባኒ ከተማ ከባድ ሽንፈት ደርሶባቸው ነበር። የዚያች ከተማ የፖሊስ አዛዥ ብልህ ነበር። ሰልፈኛውን ካሜራ ፊት አይደበድብም፤ በጨዋ ደንብ ያስራል፤ እስር ቤቱ እንዳይሞላ በዙሪያው ወዳሉ ወረዳዎች ይበትናቸዋል። ትግሉ ያለ ውጤት ቀዘቀዘ። ኪንግ ድል ያስፈልጋቸው ነበር።

ሸትልስወርዝ ደግሞ ያላቸው ሰው፣ ልምድና ኮነር ነው። ኮነር ቁጣውን መቆጣጠር የማይችል ሰው መሆኑን ከእሳቸው የበለጠ የሚያውቅ የለም። የሌላቸው ገንዘብና የአገር አቀፍ ጋዜጠኞች ዓይን ነው። በዚያ ላይ በ1961 ሲንሲናቲ፣ ኦሃዮ ወዳለች ቤተ ክርስቲያን ተዛውረው ነበር። ማኅበሩን የሚመሩት እየተመላለሱ ነው። ተቺዎቻቸው ይህንን ይዘውባቸዋል፤ ያለ ምክንያትም አልነበረም።

በጃንዋሪ 1963 ጆርጂያ ውስጥ ተሰብስበው ዕቅድ አወጡ። የኪንግ ረዳት ዋያት ቲ ዎከር መደብሮቹን አንድ በአንድ እየዞሩ አጠኑ። በየምሳ ባንኮኒው ስንት ወንበር እንዳለ፣ መግቢያ መውጫው የት እንደሆነ መዘገቡ። ዒላማው የከተማው ምክር ቤት አይደለም። የፋሲካ ገበያ ነው። ከኦልባኒ የተማሩት ትልቁ ነገር ይህ ነው፦ አብዛኛው ጥቁር ድምፅ እንዳይሰጥ በተከለከለበት ከተማ ፖለቲከኛው አይፈራውም፤ ነጋዴው ግን ይፈራዋል።

አልሠራም፤ ከዚያ ሠራ

ዘመቻው ምርጫ እስኪያልፍ ተብሎ ተራዘመ። በኤፕሪል 2 ኮነር ለከንቲባነት ተወዳድሮ ተሸነፈ። በማግስቱ ዘመቻው ተጀመረ። ኮነርና ባልደረቦቹ ግን ዘመናችን አላለቀም ብለው ወንበር አንለቅም አሉ። ከተማዋ ከአንድ ወር በላይ ሁለት መንግሥት ነበራት።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደካማ ነበሩ። ፈቃደኛ ሰው ጥቂት ነው። ብዙ ጥቁር ፓስተሮችና ነጋዴዎች ጊዜው አሁን አይደለም አሉ፤ አዲሱ ከንቲባ ይሞከር አሉ። በኤፕሪል 10 ፍርድ ቤት ሰልፍ የሚከለክል እግድ ሰጠ። የዋስትና ገንዘቡም አለቀ። ኪንግ በስቅለት ዓርብ፣ ኤፕሪል 12፣ እግዱን ጥሰው ታሰሩ። ዝነኛውን የእስር ቤት ደብዳቤ የጻፉት ያን ጊዜ ነው። ደብዳቤው ዛሬ ትልቅ ነው፤ በዚያ ሳምንት ግን መደብር አላስከፈተም።

ከኪንግ ረዳቶች አንዱ የሆነ ወጣት ሰባኪ ያን ጊዜ ተማሪዎቹን እናሰልፍ አለ። ምክንያቱ ቀላል ነው። አባት ከታሰረ ሥራውን ያጣል፤ ቤቱ ይራባል። ተማሪ ግን ሥራ የለውም። ኪንግ አመነቱ። ከውጭም ብዙ ሰው ተቃወመ። ማልኮም ኤክስ ልጅን ከፊት ማሰለፍ የወንድ ሥራ አይደለም ብሎ ነቅፏል። የፍትሕ ሚኒስትሩ ሮበርት ኬኔዲም አደገኛ ነው አሉ።

በሜይ 2 ልጆቹ ከ16ኛው መንገድ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን እየዘመሩ ወጡ። ብዙዎቹ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው፤ ከዚያ ያነሱም ነበሩ። በመቶዎች ታሰሩ። በማግስቱ ኮነር ውሻና የእሳት አደጋ ጎማ አወጣ። ውሃው ልጆችን መንገድ ላይ ሲያንከባልል፣ ውሻ የወጣት ሆድ ላይ ሲዘል የሚያሳየው ፎቶ ዓለምን ዞረ። በጥቂት ቀን ውስጥ ከ2,000 በላይ ሰው ታሰረ። እስር ቤቱ ሞልቶ ልጆቹን የትርኢት ሜዳ ውስጥ አጎሯቸው። የኦልባኒው አዛዥ ያመለጠውን ወጥመድ ኮነር ዘሎ ገባበት።

በሜይ 7 የከተማዋ ትልልቅ ነጭ ነጋዴዎች በንግድ ምክር ቤቱ ተሰብስበው ሲነጋገሩ ዋሉ። ለምሳ ሲወጡ መሀል ከተማው በሰልፈኛ ተጥለቅልቆ አዩት። መደብር የሚገባ የለም። ከዚያ በኋላ ለመስማማት ተስማሙ፤ ስማችን እንዳይወጣ ግን አሉ።

በዚያው ቀን ሸትልስወርዝ ከቤተ ክርስቲያኗ አጠገብ ልጆችን ሲመልሱ በጎማ ውሃ ተመቱ። ውሃው ከግድግዳ ጋር አጋጫቸው። በአምቡላንስ ተወሰዱ። ኮነር ይህን ሲሰማ ባለማየቴ ቆጨኝ አለ። አምቡላንስ ሳይሆን የሬሳ መኪና በወሰደው ደስ ባለኝ አለ።

ሜይ 8

የዚህ ጉዳይ እምብርት ይህ ቀን ነው።

ሸትልስወርዝ ሆስፒታል በነበሩበት ሰዓት ኪንግ ሰልፉ እንዲቆም ከሞላ ጎደል ወሰኑ። ነጋዴዎቹ ሰልፍ እያለ አንፈርምም ይላሉ። ዋሽንግተንም ትገፋለች፤ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በዚያው ቀን ጋዜጣዊ መግለጫ ነበራቸው። ኪንግ ራሳቸው ወዳሉበት ቤት ሸትልስወርዝን አስጠሯቸው። መድኃኒት ገና ከሰውነታቸው ሳይወጣ መጡ። የፍትሕ ሚኒስቴር ሰዎች ተቀምጠዋል። ሰልፉን ማቆም አለብን አሏቸው።

ማን ወሰነ? አሉ ሸትልስወርዝ። እኛ ሁላችን ሳንስማማ ማንም ብቻውን አያቆምም ተባብለን አልነበረም? ነጋዴዎቹ ባለፈው ዓመት ቃል ገብተው ምልክቱን መልሰው መለጠፋቸውን አስታወሱ። ኪንግን፣ ሰው ስለ አንተ መጥቶ ቀስቅሶ ይሄዳል ነው የሚለው፣ እኔ ግን እዚህ ነው የምኖረው የሚል አንድምታ ያለው ቃል ተናገሯቸው። ዛሬ ትልቅ ሰው ነህ፤ ይህን ካደረግክ ግን ከንቱ ትሆናለህ እስከ ማለት ደረሱ። አቁሜያለሁ ብለህ ካወጅክ ባለችኝ አቅም ተነስቼ ልጆቹን ይዤ መንገድ እወጣለሁ ብለው ለመሄድ ተነሱ። ከፍትሕ ሚኒስቴሩ ሰዎች አንዱ ለነጋዴዎቹ ቃል ገብተናል ቢል፣ ያለ እኔ የገባችሁት የማንን ቃል ነው በሚል ስሜት ተቆጡት።

ማን ትክክል ነበር? ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ኪንግ ነጋዴዎቹ በሩን ሊዘጉ እንደሚችሉ አይተዋል፤ ልጆቹም በጉልበት ማለቃቸው ነው። በጉዳዩ ይዘት የኪንግ ስሌት ያመዝናል እላለሁ። በአሠራር ግን ሸትልስወርዝ ልክ ናቸው። ባለቤቱ ሆስፒታል ተኝቶ ቤቱ አይሸጥም።

መጨረሻው መካከለኛ ሆነ። ሰልፉ ለአጭር ጊዜ ቆመ፤ ድርድሩ ቀጠለ። በዚያው ቀን ኪንግ በስቅለቱ ሰልፍ ክስ እንደገና ሲታሰሩ፣ ሸትልስወርዝ ስምምነት ብሎ ነገር የለም ብለው ሊሰለፉ ተነሱ። አንድ ባለጸጋ ጥቁር ነጋዴ የዋስትናውን ገንዘብ ከፍሎ ነገሩን አበረደው። በሜይ 10 ስምምነቱ ይፋ ሲሆን ጋዜጠኞች ፊት ከኪንግ ጋር የተቀመጡት፣ የስምምነቱን ነጥቦች ያነበቡትም ሸትልስወርዝ ናቸው። አንብበው ጨርሰው በድካም ወደቁ፤ እንደገና ሆስፒታል ገቡ።

የስምምነቱ ጥንካሬና ቀዳዳ

የልብስ መለኪያ ክፍሎች በ3 ቀን ለሁሉም ይከፈታሉ። የከተማው መንግሥት ማን እንደሆነ ፍርድ ቤት ከወሰነ በኋላ በ30 ቀን የሽንት ቤትና የውሃ መጠጫ ምልክቶች ይነሳሉ። በ60 ቀን የምሳ ባንኮኒዎች ይከፈታሉ፤ በዚያው ጊዜ ቢያንስ አንድ ጥቁር ሻጭ ወይም ገንዘብ ተቀባይ ይቀጠራል። በ15 ቀን ውስጥ የሥራ ቅጥርን የሚከታተል ኮሚቴ ይቋቋማል።

ጥንካሬው ቀኑ ነው። የ1962ቱ ተስፋ ያልነበረው ይህ ነበር። ቀዳዳው ደግሞ «ቢያንስ አንድ» የሚለው ነው። በየመደብሩ አንድ ነው ወይስ በሁሉም መደብር ድምር አንድ? ጥቁሮቹ በየመደብሩ ነው ብለው ነበር። የነጋዴዎቹ ቃል አቀባይ ጥቂት ቀን ቆይቶ በድምሩ አንድ ነው አለ። አንዲት ቃል ባለመጻፏ ስንት ሰው ሥራ አጣ።

የታሰሩት እንዲፈቱ ወደ 160,000 ዶላር ዋስትና ያስፈልግ ነበር፤ አብዛኛው ከሠራተኛ ማኅበራት ተሰበሰበ። ይህን ሸትልስወርዝ ብቻቸውን ሊያገኙት አይችሉም ነበር። እንግዳ የሚጠራው ለዚህ ጭምር ነው።

በሜይ 11 ሌሊት የኪንግ ወንድም ቤትና የዘመቻው መሪዎች ያረፉበት ሞቴል በፈንጂ ተመቱ፤ ከተማው ተረበሸ። ስምምነቱ ግን አልፈረሰም። በጁላይ የከተማው ምክር ቤት የመለያየት ሕጎቹን ሰረዘ፤ በዚያው ወር መጨረሻ ባንኮኒዎቹ ተከፈቱ። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በጁን 11 የሲቪል መብት ሕግ እንደሚያቀርቡ አስታወቁ፤ ሕጉ በጁላይ 2 ቀን 1964 ተፈረመ። ዛሬ አሜሪካ ያለ ሐበሻ ደስ ያለው ምግብ ቤት ገብቶ ሲቀመጥ ያ ሕግ አብሮት ነው።

ዋጋው ግን አልቆመም። በሴፕቴምበር 15 ቀን 1963፣ እሑድ ጠዋት፣ ልጆቹ ሲወጡባት በነበረችው በ16ኛው መንገድ ቤተ ክርስቲያን ፈንጂ ፈንድቶ አራት ሴት ልጆችን ገደለ። ሦስቱ የ14፣ አንዷ የ11 ዓመት ልጅ ነበሩ። የመጨረሻው ተከሳሽ የተፈረደበት በ2002 ነው።

ወደ ሌላ ቦታ የሚወሰደው

ከዚህ ጉዳይ አንድ ነገር ብቻ ውሰድ ብባል የሜይ 8ን ጠብ እወስዳለሁ። እንግዳና ባለቤት አብረው ሲሠሩ ማን ይጀምራል የሚለው አያጣላም፤ ማን ያቆማል የሚለው ነው የሚያጣላው። የበርሚንግሃም ሰዎች ስምምነቱ ነበራቸው፤ በቃል ግን ነበር። አንዱ ቢታመም፣ ቢታሰር፣ ስልክ ቢያጣ ማን በእሱ ፈንታ ይናገራል የሚለው አስቀድሞ አልተቆረጠም። ሥራ ሲጦፍ ይህን የሚያስታውስ የለም። ስለዚህ መጻፍ ያለበት ገና ሁሉም ሲዋደድ ነው።

ሁለተኛው የድርድር ጽሑፍ ነው። ቀን ያለው አንቀጽ ተፈጸመ። ቁጥሩ የተድበሰበሰው አንቀጽ አከራከረ። ለሠራተኛ ማኅበርም ለኮንዶሚኒየም ኮሚቴም ልክ እንዲሁ ነው።

የመሪው እንጀራ ከየት ይመጣል የሚለውንም አልፈው የሚሄዱት ብዙዎች ናቸው። ሸትልስወርዝ በርሚንግሃም ውስጥ ለዓመታት የጸኑት ደፋር ስለሆኑ ብቻ አይደለም። የቤቴል የፋብሪካ ሠራተኞችና የቤት ሠራተኛ እናቶች በየሳምንቱ ሳንቲም ስለሚያዋጡ ነው። ይህ ግን ሌላ ገጽታ አለው። ደመወዙን ከአንድ ጉባኤ የሚያገኝ ሰው ማኅበሩንም እንደ ጉባኤው መምራት ይቀናዋል። ሸትልስወርዝ ብዙ ነገር ብቻቸውን ይወስኑ ነበር። ወደ ሲንሲናቲ ሲሄዱ የተፈጠረው ክፍተት ከዚህ የመጣ ነው።

ሽንፈትን በተመለከተ ደግሞ፣ የተዘጉት 67 መናፈሻዎች በ1962 ኪሳራ ነበሩ። በ1963 ግን ነጋዴውን ከኮነር የለየው ያ ቁጣ ነው። የከሸፈ የሚመስለው እርምጃ የተቃዋሚውን ሰፈር እየሰነጠቀ ሊሆን ይችላል፤ ይህ የሚታየው ግን መዝገብ የያዘና የጠበቀ ሰው ሲኖር ነው።

የልጆቹን ነገር ግን ትምህርት ብዬ ላስቀምጠው አልደፍርም። ሠርቷል። ዘመቻውን ያዳነው እሱ ነው። ለሌላ ሰው ይህን አድርግ ብዬ ግን አልመክርም።

ከዚያ ወዲያ

የስቅለቱ ሰልፍ ክስ ዓመታት ወሰደ። ያለ ፈቃድ ተሰልፈዋል በሚለው ክስ ሸትልስወርዝ 90 ቀን ከከባድ ሥራ ጋር ተፈርዶባቸው ነበር፤ ቅጣቱን ካልከፈሉ ሌላ 48 ቀን ይጨመራል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1969 ፍርዱን ሻረው። ሕጉ ራሱ የተበላሸ ነው አለ። የሚገርመው፣ በዚያው ሰልፍ የፍርድ ቤት እግድ ጥሰዋል በሚለው ሌላ ክስ ግን በእሳቸውና በኪንግ ላይ የተፈረደው የአምስት ቀን እስር በ1967 ጸና። ሕጉ መጥፎ ነው፤ ትእዛዙን ግን መጀመሪያ በይግባኝ መቃወም ነበረባችሁ ተባሉ።

ሲንሲናቲ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ማገልገላቸውን ቀጠሉ። በእርጅናቸው ወደ በርሚንግሃም ተመለሱ። በ2008 የከተማዋ አውሮፕላን ማረፊያ በስማቸው ተሰየመ። ኮነር የሬሳ መኪና የተመኘላቸው ከ48 ዓመት በፊት ነበር፤ በኦክቶበር 5 ቀን 2011፣ በ89 ዓመታቸው፣ እዚያው ከተማ አረፉ።